ከ«ያዘኝ» እስከ «ያዘ»

በሊፍት ጠጋኞች ዘንድ «ያዘ» ከሁሉ የሚበልጥ ቃል ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የአደጋው ፍሬን ሲፈተሽ፣ የሊፍቱ ሳጥን በአሸዋ ከረጢት ተጭኖ ከልኩ በላይ ፈጥኖ እንዲወርድ ይለቀቃል። ከሥሩ ያሉት የብረት ጥርሶች ሳጥኑ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ ነክሰው ሲያቆሙት ሕንፃው ይርዳል። ያኔ ሞተሩ ዘንድ የቆመው ሰው «ያዘ!» ብሎ ይጮኻል፤ ምድር ቤት ያለውም «ያዘ!» ብሎ ይመልሳል። ይህ ቃል ሳይሰማ በዚያ ሊፍት ሰው አይሳፈርም።

«ያዘኝ» ግን ሌላ ነገር ነው። እጅ ወይም እጅጌ በሚዞር ብረት ሲጎተት የሚጮኽ ቃል ነው። የሰማው ሰው ምን እንደያዘው አይጠይቅም። መጀመሪያ ዋናውን መብራት ያጠፋል፣ ከዚያ ይሮጣል።

የዚህ ታሪክ ባለቤት ከልጅነት እስከ ሽበት በሊፍት ጠጋኝነት ያገለገለው ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ሚስቱ ስትቆጣ ካልሆነ በቀር ግን ማንም አይጠራበትም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ጋሽ ፍሬን» በሚል ነው። የሰው ሕንፃ ሲገባ እንኳ ሊፍቱ ውስጥ ቆሞ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ያዳምጣል፤ «ይሄ ፍሬኑ የታየለት መቼ ነው?» ይላል። ሲናገርም ሲራመድም ዝግ ያለ ነው። ታላቅ እህቱ በአንጻሩ ያሰበችውን ሳታኝክ የምትተፋ በመሆኗ በቤተሰቡ «ፍሬን የለሽ» ትባላለች። እናታቸው ፍሬኑን ሁሉ ለወንዱ ሰጥታ ለሴቷ መሪ እንኳ አላስቀረችም እየተባለ ይቀለዳል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጋሽ ፍሬን ሕንፃው አናት ላይ ባለው የሞተር ክፍል ውስጥ ግራሶ ሲቀባ ደረቱን አንድ ነገር ተጫነው። መጀመሪያ ቁርሱ አልፈጭ ያለው መሰለው። ከዚያ ክብደቱ ወደ ግራ ክንዱና ወደ መንጋጋው ዘለቀ፤ ላብ አጠመቀው። የእጅ ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠግቶ ለሥራ ባልደረባው መናገር የቻለው አንድ ቃል ነበር።

«ያዘኝ።»

ባልደረባው፣ በቁመቱና በክሳቱ «ቀጮ» የተባለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ምድር ቤት ነበር። የተማረውን አደረገ። ዋናውን መብራት አጥፍቶ በደረጃው ሽቅብ ሮጠ። ሁለቱም ሊፍቶች ፎቅና ፎቅ መካከል ቀጥ አሉ፤ ውስጣቸው የነበሩት ሰዎች ግድግዳ ይደበድቡ ጀመር። ቀጮ ትንፋሹ ተቆራርጦ ሲደርስ ጋሽ ፍሬን ግድግዳ ተደግፎ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። እጁም እጅጌውም ከሞተሩ ርቀዋል።

«ጋሼ፣ ምንህን ነው የያዘህ?»

«ደረቴን።»

«ደረትህን? ምኑ ነው የያዘው? የታለ?»

«ከውስጥ ነው፣ ቀጮ። ከውስጥ።»

ቀጮ ያን ጊዜ ገባው። ታማሚውን ለማውረድ ሊፍት ያስፈልጋል፤ ሊፍቱን ደግሞ የገደለው እሱ ራሱ ነው። ለሕንፃው ዘበኛ ደወለለት። ዘበኛው ምድር ቤት፣ የመብራት ሰሌዳው ፊት ቆሞ «ኧረ ይሄ ሁሉ ማብሪያ ነው! የቱን ልንካ?» አለ። ቀጮ በየቀኑ የሚነካው ማብሪያ ከድንጋጤው ብዛት ጠፋበት። መልሱ የመጣው ከወለሉ ነው።

«በስተግራ… ቀዩን… ወደ ላይ።»

ጋሽ ፍሬን ዓይኑን እንደጨፈነ ነበር። አጠገባቸው ያለው ሞተር አጉረመረመ። በሥራ ዘመኑ ስንት ጊዜ ለሰው እንዳስነሳው የማይታወቀውን ሊፍት ያን ቀን ለራሱ አስነሳው።

በሩ ሲከፈት ታግተው የቆዩት ሰዎች ስድባቸውን አዘጋጅተው ነበር። አንዱ «እናንተ ሰዎች ይሄን ሊፍት…» ብሎ ጀመረና ቀጮ ያቀፈውን ሰው ፊት ሲያይ ቀሪውን ዋጠው። ኮቱን አውልቆ ከጋሽ ፍሬን ራስ ሥር አደረገ። 

ሆስፒታሉ ውስጥ በእጅ አንጓው በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብተው የተዘጋውን የልቡን ደም ሥር ከፈቱለት፤ እንዳይዘጋም ትንሽ የሽቦ ወንፊት ቱቦ አስቀመጡበት። አላስተኙትም ነበርና ስክሪኑን ያይ ነበር። ቅርንጫፉ እንደደረቀ ወንዝ ባዶ የነበረ ቦታ ድንገት ሞላ፤ ከደሙ ጋር የገባው ቀለም ጥቁር መስመር ሆኖ እስከ ጫፉ ድረስ ሮጠ። በዚያው ቅጽበት ደረቱ ላይ የተቀመጠው ሸክም ተነሣ። ጋሽ ፍሬን ስላየው ነገር ሲናገር ሁልጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ደም ሥሩ ቢከፈትም ልቡ ተጎድቷል። የልብ ሐኪሟ፣ ዝግ ብላ የምትናገር ወጣት ዶክተር፣ ሚስቱንና እህቱን ቢሮዋ አስገብታ አስረዳቻቸው። ጤነኛ ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም ከግማሽ በላዩን ይገፋል። የእሱ አሁን ሩብ ያህሉን ነው የሚገፋው። እንዲህ የደከመ ልብ ድንገት ምቱ ሊዛባ ይችላል። መምታቱን ትቶ እንደ ተንቀጠቀጠ ቅጠል ይርገበገባል፤ ደም አይገፋም፤ ሰውየው በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል።

እህቱ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው።

«የጎረቤታችን አማች ደረቷ ውስጥ ማሽን አላት» አለች። «ልቧ ቀጥ ሲል በኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳታል። ለወንድሜም እሱን ግጠሚለት። ዛሬውኑ።»

«አውቀዋለሁ» አለች ሐኪሟ። መሳቢያዋን ከፍታ ከክብሪት ሳጥን ብዙም የማይበልጥ፣ ጠርዙ የተሞረደ ብረት አወጣች። ለማሳያ የሚሆን ነው። «ዲፊብሪሌተር ይባላል። ከአንገት አጥንት በታች፣ ከቆዳ ሥር እናስቀምጠዋለን። ይሄ ሽቦ በደም ሥር ውስጥ አልፎ ልቡ ድረስ ይገባል። ቀንም ሌሊትም እያንዳንዷን ምት ያዳምጣል። መርገብገቡን ከሰማ በራሱ አንድ ጊዜ በኃይል ይመታውና ምቱን ይመልሰዋል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ልቡን ነው የምጠብቀው። ይሄ ጥያቄ ሐኪሞችንም ያስጨንቅ ነበር፤ ስለዚህ ተጠና። ልባቸው ገና በቅርብ የተጎዳ ሰዎች ተከፈሉ፤ ለግማሾቹ ቶሎ ተገጠመላቸው፣ ለግማሾቹ አልተገጠመም። በምት መዛባት የሚሞቱት ቀነሱ። በሌላ ምክንያት የሚሞቱት ግን ጨመሩ። ሲደመር በሕይወት የተረፈው ሰው ቁጥር አልበለጠም። ደግሞ የደነዘዘ ልብ በመድኃኒት ሊነቃ ይችላል፤ ከነቃ መሣሪያው ጭራሽ ላያስፈልገው ይችላል። ወደ አርባ ቀን እንጠብቅና እንደገና እንለካለን።»

«አርባ?» አለች እህቱ። «ምነው ልጄ፣ ሌላ ቁጥር ጠፋ?»

«አርባ አንድ ይሁንልዎት» አለች ሐኪሟ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሥራዋ ዝም ብሎ ልክ መውሰድ ነው። ብረቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች፣ መዳፏ ላይ መዘነችው፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«እስከዚያስ ማን ይይዘዋል?»

«መድኃኒቱ፣ ዕረፍቱ» አለች ሐኪሟ። ቀጥላም «አልዋሽዎትም፤ እነዚህ ሳምንታት አስጊ ናቸው። አጠገቡ ያለ ሰውም መማር ያለበት ነገር አለ» አለች።

ውሳኔውን ለጋሽ ፍሬን ሲነግሩት አልተከራከረም። «ሐዲድ የሚታሰርበት ብሎን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ አይታሰርም» አለ ትራሱ ላይ እንዳለ። «ሲሚንቶው ይድረቅ።» ሐኪሟ ነገሩ በትክክል እንደዚያ እንዳልሆነ ልታስረዳው ጀመረችና ተወችው፤ ከሩቅ ይመሳሰላል።

ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ነርሷ ሁለቱን ሴቶች አንድ አሻንጉሊት ደረት ፊት አንበረከከቻቸው። ሰውየው ከወደቀና ካልተነፈሰ አምቡላንስ ይጠራል፤ ከዚያ የደረቱ መሐል በሁለት እጅ፣ ክንድ ሳይታጠፍ፣ በኃይልና በፍጥነት ይገፋል። ሚስቱ ፍጥነቱን ለመያዝ አልተቸገረችም። «ረዥም ስፌት ስሰፋ የመኪናዬን መርገጫ በዚህ ነው የምረግጠው» አለች። እህቱ ደግሞ አሻንጉሊቱን እንደ ሊጥ ደቆሰችው። ነርሷ «እትዬ፣ የጎድን አጥንት ይተርፍ እንጂ» አለቻት።

እንዲህ ሆኖ መጠበቁ ተጀመረ።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር፣ ሶፋው ፊት ለፊቱ፣ የተቆረጡት ጨርቆች ወንበር ላይ ናቸው። ጋሽ ፍሬን ሶፋው ላይ ይውላል። ሚስቱ ትሰፋለች፤ መኪናው ባቆመ ቁጥር ትንፋሹን ታዳምጣለች። እሱም ይህን ስለሚያውቅ መኪናው ሲያቆም «አለሁ» ይላል። አንዳንዴ ክር ስትቀይር ብቻ ሦስት ጊዜ «አለሁ» ይላታል። እሷም «ማን ጠየቀህ?» ትለዋለች።

እህቱ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። አንድ ቀን ሚስቱ ቁልፍ ልትገዛ ወጥታ ሳለ ጋሽ ፍሬን መድኃኒቱ እንቅልፍ አምጥቶበት ሶፋው ላይ አፉን ከፍቶ ተኛ። እህቱ ጠራችው፤ አልመለሰም። እንደገና ጠራችው። ትንፋሹን ላዳምጥ የሚለው ትምህርት ከጭንቅላቷ ጠፍቶ የቀረው መግፋቱ ብቻ ነበር። ዘላ ወጣችበት።

«ኧረ ኡኡ! ልትገይኝ ነው?»

«ተነሣህ?»

«መቼ ወደቅኩና ነው የምነሣው! ተኝቼ ነው!»

«ታዲያ ሰው ሲጠራህ አቤት አትልም?»

«እትዬ» አለ ደረቱን እያሻሸ፣ «ሰው በልብ ሕመም ይሞታል ሲባል ነው የሰማሁት። በእህት መሞትም አለ ለካ።»

ሚስቱ ስትመለስ ሁለቱም እያለቀሱ ይስቁ ነበር። ታሪኩን ሰምታ አልሳቀችም። ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ጥሩ አደረግሽ» አለቻት። ከዚያ ቀን በፊት ቤቱ ውስጥ ሁሉም የሚያስበው ምን እንደሆነ ያን ያህል በግልጽ የተነገረበት ጊዜ አልነበረም።

የመለኪያው ቀን መጣ። ሐኪሟ የአልትራሳውንዱን ስክሪን ወደ እሱ አዞረችለት። ጋሽ ፍሬን የራሱን ልብ ያየው ያን ጊዜ ነው። ሁለት ቀጫጭን በሮች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ግድግዳው ይጨበጣል፣ ይፈታል። አንደኛው ወገን ግን እየተጎተተ፣ ከሌላው ዘግይቶ ይከተላል።

«ይሄ ነገር ቆሞ ያውቃል?» ሲል ጠየቀ።

«ከመወለድዎ በፊት ጀምሮ? አያውቅም።»

«ግራሶ ሳይቀባ?»

ሐኪሟ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ለሞተር ዕረፍት የሚሰጥ ሰው ነው፤ የሚያየውን ማመን ተስኖት ነበር።

ልቡ ተሽሎታል፤ የሚፈለገውን ያህል ግን አይደለም። ከሩብ አልፎ ወደ ሲሶ ቢጠጋም አሁንም ደካማ ነው፤ ቁስሉም ጠባሳ ሆኗል፤ ከእንግዲህ አይለወጥም። ሐኪሟ «አሁን ጊዜው ነው» አለች። ጋሽ ፍሬን አንድ ጥያቄ ነበረው።

«ከገጠማችሁት በኋላ ትፈትሹታላችሁ?»

«ሽቦውን፣ ባትሪውን፣ ማዳመጡን፣ አዎ።»

«መያዙንስ? ጥላችሁኝ እንደሚይዘኝ ታያላችሁ?»

«ድሮ ይደረግ ነበር» አለች። «ልቡን ሆን ብለን አርገብግበን፣ መሣሪያው ሲመታው እናይ ነበር። አሁን ለብዙው ሰው አያስፈልግም ብለን ትተነዋል። ፈተናው ራሱ አደጋ አለው።»

ጋሽ ፍሬን በሥራ ዘመኑ ሁሉ ያልተፈተነ ፍሬን ባለው ሳጥን አንድም ሰው አላሳፈረም። አሁን ተሳፋሪው እሱ ነው።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «በሩን ዝጉት።»

ቆዳው ብቻ ደንዝዞ፣ እሱ ነቅቶ፣ መሣሪያው ተገጠመለት። ከግራው የአንገት አጥንት በታች አንድ ትንሽ ጉብታ ቀረ። ለጥቂት ሳምንታት የግራ እጁን ከትከሻው በላይ እንዳያነሣ፣ ከእንግዲህ ደግሞ ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ እንዳያስቀምጥ፣ በሚሠራ ሞተር ላይም እንዳያጎነብስ ተነገረው። የመጨረሻው ትእዛዝ ሞተር ክፍሉን ወሰደበት። ወደ ሥራ ሲመለስ ምድር ቤት፣ የመቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ ወንበር ተሰጠው፤ ወደ ላይ የሚወጣው ቀጮ ሆነ። ቀጮም በሬዲዮ ሲያወራው «ያዘኝ» የሚለውን ቃል ለምንም ነገር ላለመጠቀም ይጠነቀቅ ነበር። ጉንፋን ሲይዘው እንኳ «ጉንፋን መጥቶብኛል» ይል ጀመር።

ወራት አለፉ። መሣሪያው ምንም አላደረገም። እህቱ «ሥራ ፈት ዘበኛ ቀጥረህ!» ትለዋለች። እሱ ግን ሥራ ፈት እንዳልሆነ ያውቃል። የአደጋ ፍሬን ሕይወቱን ሁሉ ምንም የማያደርግ ነገር ነው። ሐዲዱን ሳይነካ፣ ከሐዲዱ ሳይርቅ፣ ከሳጥኑ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ጋሽ ፍሬን አንዳንዴ በሸሚዙ ላይ ጉብታዋን በጣቱ ይዳስሳታል። ትይዝ ይሆን? የሚያውቅበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ያንን መንገድ ደግሞ አይመኘውም። ሚስቱም ስፌት መኪናው ሲቆም ማዳመጧን አልተወችም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋ ነበር። እሱ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ክር ይጠቀልልላታል፤ እህቱ ስለ አንድ ዘመዳቸው ሠርግ ታወራለች። መኪናው ይሮጣል። ጋሽ ፍሬን የእህቱ ድምፅ ሲርቅ ተሰማው። ክፍሉ ሳይጨልም ጠበበ። የመኪናው ድምፅ በረዥም ጉድጓድ ውስጥ እንደሚወርድ ሳጥን ቁልቁል ሄደ፣ ሄደ። ክሩ ከእጁ ወደቀ። አንገቱ ወደ ኋላ ተንጋለለ።

ከዚያ እንደ በቅሎ ርግጫ ያለ ነገር ከውስጥ ደረቱን መታው።

ጮኸ። ሰውነቱ ከሶፋው ተነሥቶ ተመለሰ። ሚስቱ ወንበሯን ገልብጣ ደረሰች፤ እህቱም እጆቿን አነባብራ መጣች። ጋሽ ፍሬን ዓይኑን ገለጠ፤ ቀኝ እጁን አንሥቶ አስቆማት።

«ያዘ» አለ።

እህቱ ፊቷ አመድ መሰለ። «ምን ያዘህ? ወንድሜ፣ ምንህን ያዘህ? አምቡላንስ ጥሪ አንቺ!»

«አልያዘኝም» አለ። «ያዘ።»

ሚስቱ ገባት። በየዓመቱ፣ ፍሬን በተፈተነ ቀን፣ በሩን ከፍቶ ሲገባ ከሰላምታ በፊት የሚነግራት ይህንኑ ቃል ነው። ወለሉ ላይ፣ እግሩ ሥር ተቀመጠች፤ እጇን ጉብታዋ ላይ አሳረፈች። ከሥሯ ልቡ ይመታል፤ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። ፍሬን የለሿ እህት የምትለው አጥታ ዝም አለች። ቤተሰቡ ያን ዝምታ እስከ ዛሬ ያወራዋል።

ወዲያው ሆስፒታል ሄደው ለሐኪሟ የሆነውን ሁሉ፣ «ያዘ» ማለቱን ሳይቀር፣ ነገሯት። ሐኪሟ አንድ መቀበያ ጉብታዋ ላይ አስቀምጣ መሣሪያው የመዘገበውን ስክሪኑ ላይ አወጣች። እኩል እኩል የተተከሉ ችካሎች የመሰለ መስመር ይመጣል። ድንገት ይሰባበራል፤ ትርጉም የሌለው ጭረት ይሆናል። ሕፃን እርሳስ ይዞ የሞነጫጨረው ይመስላል። ሐኪሟ ጣቷን አሳረፈች። «እዚህ ላይ እያለፉ ነበር።» ጭረቱ ለትንሽ ይቀጥላል። ከዚያ አንድ ረዥም ቀጥ ያለ መስመር፤ ከዚያ ባዶ፤ ከዚያ አንድ ችካል። ሌላ ችካል። ሌላ።

ጋሽ ፍሬን ለረዥም ጊዜ አየው። ሚስቱ ያየችው እሱን ነበር።

«አሁን የሚፈታው ማነው?» ሲል ጠየቀ።

«ምኑን?»

«ፍሬኑን። የኛ ከያዘ በኋላ ሳጥኑ እዚያው ተነክሶ ይቀራል። ሰው ወጥቶ፣ ጥርሱን ከሐዲዱ አላቅቆ፣ መልሶ እስኪያዘጋጀው ድረስ ወደ ታችም ወደ ላይም የለም። እኔ ነኝ ስወጣ የኖርኩት። ይሄንን ማነው የሚፈታው?»

ሐኪሟ የመጨረሻዎቹን ችካሎች በጣቷ ተከተለች።

«ማንም» አለች። «ይዞ፣ ራሱ ለቅቆ፣ ወደ ማዳመጡ ተመልሷል። እርስዎ ‘ያዘ’ ሲሉ እሱ የሚቀጥለውን እያዳመጠ ነበር።»

ጋሽ ፍሬን ሸሚዙን መቆለፍ ጀመረ። ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ፤ ሚስቱ ጨረሰችለት።

ወደ ቤት ሊመለሱ የሆስፒታሉ ሊፍት ጋ ሲደርሱ ከሚጠብቁት ሰዎች ጋር ገቡ። በሩ ተዘጋ፤ ሳጥኑ መውረድ ጀመረ። ጋሽ ፍሬን ጣሪያውን ቀና ብሎ አላየም፤ ስለ ፍሬኑም አልጠየቀም። መሐል ላይ፣ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ፣ ሚስቱን ክንዷን ይዞ ቆመ።

«አለህ?» አለችው በሹክሹክታ።

«ማን ጠየቀሽ» አላት።